ይጎትታል፤ ይሸከማል ወይ?

እኛ ኮልፌዎች በጭቃውም በዝናቡም መሐል አለን፤ ተመስገን ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ቤቱ ገበያ መስሏል። በዚህ ሳምንት ልጆችን በክረምት ስለማስጠናት ላወጋችሁ ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና እሱን ለሚቀጥለው አቆይቼዋለሁ። ቤታችንን ሦስት ሳምንት ሙሉ የያዘ አንድ ጉዳይ ገጥሞን ነበርና እሱን ሳላወራችሁ ሌላ ነገር መጻፍ አቃተኝ።

አባባን አንዳንዶቻችሁ ከዚህ ዓምድ ታውቋቸዋላችሁ። ዘንድሮ 78 ዓመታቸው ነው፤ ከእኔ ጋር አጠና ተራ አካባቢ ይኖራሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የተሳቢ ሾፌር ነበሩ። በጣሊያኑ ፊያት፣ እነሱ «ኤንትሬ» በሚሉት መኪና፣ የአሰብን መንገድ ከልጅነት እስከ ጉልምስና ተመላልሰውበታል። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው ደግሞ ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ አዞሩ። አሁን ሥራቸው ጠዋት ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ ከሰዓት በር ላይ ወንበር አውጥቶ አጠናና ጣውላ የጫኑትን አይሱዙዎች መታዘብ ነው። አንዱ የኋላው ዝቅ፣ የፊቱ ቀና ብሎ ሲያልፍ ካዩ «ይሄ ልጅ መሪው አየር ላይ ነው» ይላሉ ለራሳቸው።

አሜሪካ፣ ደንቨር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በየእሁዱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይደውላል። በክረምት የ9 ሰዓት ልዩነት ስላለን እነሱ ጋ ገና ረፋድ ነው። ሚስቱና ሦስቱ ልጆቹ ተራ በተራ ብቅ እያሉ አባባን ይስማሉ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ግን ወሬው ሁሉ ስለ አንድ ነገር ሆነ። ወንድሜ «ካምፐር» ሊገዛ ነው።

ካምፐር ምን እንደሆነ ለማታውቁት ልንገራችሁ። በመኪና የሚጎተት ቤት ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መታጠቢያ አለው፣ ውሃ ማጠራቀሚያም አለው። ፈረንጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ከፒክአፕ ኋላ አስረውት ተራራና ሐይቅ ዳር ይወስዱታል። እኔ «እኛ የቤት ኪራይ ከበደን ስንል እናንተ ቤቱን ጎትታችሁ ልትሄዱ ነው?» ብዬ አሳቅኋቸው። ወንድሜ ለሻጩ 500 ዶላር ቀብድ ሰጥቷል። ሐሳቡ ልጆቹን ይዞ፣ የሮኪ ተራሮችን አቋርጦ፣ ዩታ የሚባለው ጎረቤት ግዛት ድረስ መሄድ ነው።

አባባ አልሳቁም። «ምን ያህል ይመዝናል?» አሉ።

«ሲሞላ 3,300 ኪሎ ነው አባባ። የኔ መኪና ደግሞ 4,000 ኪሎ ይጎትታል፤ ሻጩም አይቶ አረጋግጦልኛል። አያስቡ።»

«መጎተቱንማ ይጎትታል። ይሸከማል ወይ?»

ወንድሜ ጥያቄው አልገባውም። አባባ ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ውሃው ማጠራቀሚያ ጠየቁ። በመጨረሻ ወንድሜ ትዕግሥቱ አለቀና «አባባ፣ ይሄ እኮ አሜሪካ ነው፤ የአሰብ መንገድ አይደለም» አላቸው። በክፋት አልነበረም፤ እየሳቀ ነው የተናገረው። አባባ ግን ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝና ጋቢያቸውን ደርበው ወደ በረንዳ ወጡ።

ይሄንን ሁኔታ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ይመስለኛል። ልጅ ያድጋል፣ ይማራል፣ ባሕር ማዶ ይሻገራል፤ አንድ ቀን ወላጁ በሚያውቀው ነገር ላይ «ይሄ የድሮ ነው» ይላል። ወላጅም ሁለት መንገድ ይቀርለታል። ወይ ይቆጣል፣ ወይ ዝም ይላል። አባባ ለሁለት ቀን ዝም አሉ።

ማክሰኞ ማታ ግን «ደውዪለት» አሉኝ። ደወልኩ፤ ስልኩንም ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። አባባም በ50 ዓመቴ ሰምቼው የማላውቀውን ታሪክ አወሩ።

በደርግ ጊዜ ነው። ለውጭ ገበያ የሚላክ ቡና ጭነው ወደ አሰብ ይወርዳሉ። የጭነቱ ባለቤት ከልኩ በላይ 30 ኩንታል ይጨመርልኝ አለ። አባባ አመነቱ፤ ሰውየው «መኪናው እንደሆነ ይጎትታል» አላቸው። እውነትም ጎተተ። እስከ ደብረ ብርሃን ያለ ችግር ሄደ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማበርን ወጣ፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻም አለፈ። ከዋሻው በኋላ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት መጣ። ግማሽ ላይ ፍሬኑ መሽተት ጀመረ፤ ቀጥሎ ሲረግጡት የማይዝ ሆነ። ተሳቢው ከኋላ ይገፋቸዋል። ረዳታቸው የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ታኮውን ይዞ ዘለለ። ጎማ ሥር ከተተው፤ ታኮው ግን ተንሸራተተ። መኪናው የተራራውን ግድግዳ ታኮ ቆመ። ጭነቱ ተረፈ፣ አባባም ተረፉ። የልጁ ቀኝ እግር ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

«በየገናው በግ ይዤ ደብረ ሲና የምሄደው እሱ ጋ ነው» አሉ አባባ።

እኛ ልጆቻቸው ዕድሜያችንን ሙሉ ሩቅ ዘመድ ጋ የሚሄዱ ነበር የሚመስለን።

ከደንቨር በኩል ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልተሰማም። ከዚያ ወንድሜ «አባባ፣ ምን ልይልዎ?» አለ። ልብ በሉ፤ «ምን ላድርግ» ሳይሆን «ምን ልይልዎ» ነው ያለው። አባባም ሥራቸውን ጀመሩ።

የልጄን የሒሳብ ደብተር ተቀብለው ወንድሜን የሾፌሩን በር እንዲከፍት አዘዙት። ስልኩን ይዛ ወደ መኪናው የሮጠችው ሁለተኛዋ ልጁ ናት። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ መኪና የሾፌሩ በር መቃን ላይ ቢጫና ነጭ ወረቀት ይለጠፍበታል። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ኪሎ መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል፤ በፓውንድም በኪሎም ተጽፏል። ትንሿ በተሰባበረ አማርኛዋ «አባባ፣ ስድስት መቶ አርባ» አለች። 640 ኪሎ ማለት ነው።

አሁን ነገሩ እንደ ልጆች የቤት ሥራ ሆነ። አምስቱም ሚዛን ላይ ወጡ። ወንድሜ 84፣ ሚስቱ 66፣ ልጆቹ 45፣ 32 እና 23። ድምሩ 250 ኪሎ። (የ13 ዓመቱ ትልቁ ልጅ ኪሎው በስልክ ሲነገር አፍሮ ነበር፤ አያቱ «እኔ ባንተ ዕድሜ ከነጫማዬ 35 አልሞላም ነበር፤ እግዜር ይመስገን» ብለው አጽናኑት።)

ቀጥሎ ዋናው ነጥብ መጣ። ተጎታች ቤት ክብደቱን በሙሉ በራሱ ጎማ ላይ አያሳርፍም። የፊት መሳቢያው ብረት የጎታቹን መኪና ጀርባ ይጫናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ካምፐር ይህ ጫና ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ተጎታቹ መንገድ ላይ ጭራውን መቁላት ይጀምራል፤ ግራ ቀኝ ሲወዛወዝ ጎታቹን ይዞት ሊገለበጥ ይችላል። ከበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይጎብጥና የፊት ጎማው ይቀላል፤ መሪውም ፍሬኑም ይላላሉ። አባባ መካከለኛውን፣ 12 በመቶ፣ ያዙ። ከ3,300 ኪሎ 12 በመቶ 396 ኪሎ ነው።

250 እና 396 ሲደመር 646። ገና ምንም ዕቃ ሳይጫን ከ640 አለፈ! ማያያዣው ብረት 40፣ ከኋላ የሚጫኑት ብስክሌቶች፣ ጄኔሬተርና የምግብ ማቀዝቀዣ 110 ኪሎ ሲጨመሩ 796 ደረሰ። ትርፉ 156 ኪሎ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው «4,000 ኪሎ ይጎትታል» በተባለው መኪና ላይ ነው። መጎተቱን አልዋሹትም። ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ቤተሰብና ዕቃ ሳይሞላበት፣ ባዶ ሊባል ሲቃረብ የሚሰላ ነው። ከነቤተሰቡ የሚሄድ አባት የሚያስፈልገው ቁጥር በሩ መቃን ላይ ያለው ነው።

አባባ በዚህም አላበቁም። «ሒሳብ ሰው ይሠራዋል፤ ሚዛን ግን አያዳላም። አስመዝነው» አሉ። እኛ አገር ሞጆ ላይ የከባድ መኪኖች መመዘኛ ሚዛን እንዳለ ሁሉ፣ አሜሪካም ከባድ መኪኖች ነዳጅ በሚቀዱባቸው ብዙ ጣቢያዎች ጥቂት ዶላር ለከፈለ ሁሉ የሚመዝን ሚዛን አለ። ቅዳሜ ዕለት ወንድሜ ከሻጩ ጋር ተስማምቶ ካምፐሩን ከነሙሉ ውሃው አስሮ፣ ቤተሰቡን ጭኖ ሄደ። መኪናው ላይ ያረፈው ጭነት ከልኩ በ170 ኪሎ አለፈ። የአባባ ደብተር የሳተው በ14 ኪሎ ብቻ ነበር።

ወንድሜ ካምፐሩን ተወው። ከ500 ዶላሩ ግማሹ ቀለጠ። «250 ዶላር አባባ!» ብሎ ሲያዝን «እግር ከዚያ ይወደዳል» አሉት። በምትኩ ሲሞላ 1,700 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ ካምፐር ተከራየ። በአባባ ስሌት ጫናው 204፤ ከሰው፣ ከማያያዣውና ከዕቃው ጋር 604 ኪሎ። 36 ኪሎ ተረፈ። ልጆቹ ጠበበን ብለው ትንሽ አጉረመረሙ። ይጥበባቸው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ጥሪዎች ትምህርት ቤት ነበሩ። እኔም ደብተሩ ላይ ያለውን ለእናንተ ቀነጨብኩ፤ ባሕር ማዶ ልጅና ወንድም ያላችሁ ብትልኩላቸው አይጎዳም።

አንደኛ፣ ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ይኑረው፤ ፍሬኑም ከሾፌሩ እጅ የሚታዘዝበት መቆጣጠሪያ ጋቢና ውስጥ ይገጠም። ከመንገድ በፊት ባዶ ቦታ ላይ በዝግታ እየነዱ ተጎታቹን ብቻ ያዝ አድርጎ መሞከር ነው። ሁለቱ የመጠባበቂያ ሰንሰለቶች ከመሳቢያው ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ፤ ማያያዣው ቢላቀቅ ብረቱን ከመሬት ያድኑታል።

ሁለተኛ፣ ጎማ። ለወራት ቆሞ የከረመ ተጎታች ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎማው ያረጃል። ጎማው ጎን ላይ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ። 3219 ካለ በፈረንጆች 2019፣ 32ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። ነፋሱ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ነው። ይህ ለእኛም የቤት መኪኖች ይሠራል፤ የሰፈራችሁን ጎሚስታ ጠይቁት።

ሦስተኛ፣ ውሃ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። 150 ሊትር ማጠራቀሚያ ሞልቶ መነሳት ሁለት ጎልማሳ ሰው ጨምሮ እንደ መጫን ነው። የሚያርፉበት ቦታ ውሃ ካለ እዚያው ይሙሉት።

አራተኛ፣ ከፍታ። ከደንቨር ወደ ምዕራብ የሚወስደው አውራ ጎዳና አይዘንሃወር በተባለው ዋሻ ያልፋል። ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከእንጦጦም ይበልጣል። አየሩ ሲሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። በጽሑፍ ያለው የመጎተት አቅም እዚያ ላይ አይገኝም።

አምስተኛው ቁልቁለት ነው። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ አባባ። ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ከባድ ማርሽ ውስጥ ገብቶ መውረድ ነው፤ አውቶማቲክም ቢሆን በእጅ ዝቅ ማድረጊያ አለው። ማርሹ የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ፍሬን ያለማቋረጥ ከተረገጠ ይግላል፣ ከጋለ አይዝም። ያዝ ለቀቅ ነው። ተጎታቹ መወዛወዝ ከጀመረ ደግሞ የመኪናውን ፍሬን በድንገት አትርገጥ፤ ከነዳጁ እግርህን አንሳ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ የተጎታቹን ፍሬን ብቻ በእጅህ ያዝ አድርገው።

«እኛ ካምፐር የት አለን?» እንደምትሉ አውቃለሁ። የአባባ ጥያቄ ግን ኮልፌም ይሠራል። ቤት ስንቀይር አልጋና ቁም ሣጥኑን አንዴ እንዲያልቅልን ብለን አንዱ አይሱዙ ላይ ከምረን፣ ልጆቹን ደግሞ ከላይ አስቀምጠን አናውቅም? ለንግሥ ስንሄድ የሚኒባሱ ጣራ ላይ ፍራሽ፣ ድስትና ጀሪካን ስንጭን «ይችላል?» ብለን ጠይቀን እናውቃለን? ጣራ ላይ የተጫነ ዕቃ መኪናውን ጠመዝማዛ ላይ ለመገልበጥ ያቀርበዋል። የልጆች ሰርቪስስ? ስንት መቀመጫ አለው፣ ስንት ልጅ ይጫናል? እስከ መስከረም ጊዜ አለን፤ ከመመዝገባችን በፊት ሊብሬውን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም።

የተበላሸ መኪና በገመድ መጎተትም አለ። ሞተሩ የጠፋ መኪና መሪውም ፍሬኑም እንደሚከብድ አትርሱ፤ ስለዚህ የሚጎተተውን መኪና መሪ ለልጅ አትስጡ። አውቶማቲክ መኪና የሚነዱት ጎማዎች መሬት እየነኩ ቢጎተት ካምቢዮው ሊቃጠል ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሰፈራችን የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ እነዚህም ሲበላሹ የሚያስፈልጋቸው ገመድ ሳይሆን ጭኖ የሚወስድ መኪና ነው።

ወንድሜና ቤተሰቡ ባለፈው ረቡዕ ተነሡ። ዋሻውን አልፈው የመጀመሪያው ቁልቁለት ግርጌ ሲደርሱ ቆመው ደወሉ። እዚህ ከእኩለ ሌሊት አልፏል። አባባ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር። ትንሿ ስልኩን ነጥቃ «አባባ፣ በወጣንበት ማርሽ ወረድን!» አለች።

አባባ «ፍሬኑ ሸተተ?» ብለው ጠየቁ።

«አልሸተተም።»

«እንግዲያው ተኙ» አሉ፤ እነሱ ጋ ፀሐይ እንዳልጠለቀች ረስተው። ከዚያ ተነሥተው ወደ መኝታቸው ገቡ።

ወንድሜ ለመጪው ገና እመጣለሁ ብሏል። ከአባባ ጋር ደብረ ሲና መሄድ ይፈልጋል። በጉን እኔ ነኝ የምገዛው ብሏል።

እናንተም በቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌዎች ዛሬ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው። ሳምንት በልጆች የክረምት ጥናት ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን።